ነፍስ አደራ የሰጣችሁትን ሰው ገንዘብም አደራ ስጡት

በቀጥታ ልናገር። በእኛ ቤተ እምነት አንድ የአጥቢያ ሽማግሌ ሊፈርስ የደረሰ ትዳር ውስጥ ገብቶ እንዲያስታርቅ ይታመናል። ሊሞት ያጣጣረ ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እንዲጸልይ ይታመናል። አዲስ አማኝ አስተምሮ ለጥምቀት ያዘጋጃል፣ የታሰረ ይጠይቃል፣ ቀብር ያስፈጽማል፣ ልጆቻችንን ይመክራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንም ፈቃድ አምጣ አይለውም። ምእመናኑ ራሳቸው መባ ብለው ካስገቡት ብር ላይ ለአንዲት መበለት የቤት ኪራይ ልክፈል ሲል ግን ደብዳቤ ጻፍ ይባላል። ደብዳቤው ወደ ቀጠና ይሄዳል፣ ከቀጠና ወደ ዋናው ቢሮ ይሄዳል፣ እዚያ ይቀመጣል። ይህ ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነና ምን ቢደረግ እንደሚሻል የማስበውን ዛሬ እጽፋለሁ። የቤተ እምነቱን ስም አልጠራም፤ ከሌሎች ቤተ እምነቶች ወንድሞችና እህቶች ጋር ሳወራ ነገሩ የሁላችንም ቤት ውስጥ እንዳለ ስላየሁ መጥራቱ አይጠቅምም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት፣ የአዲስ አበባ ጫፍ። በአንድ በኩል ኮዬ ፈጬ ነው፣ በሌላ በኩል ገላን። ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ መሃል ከተማ ቤቱ ፈርሶ የመጣው፣ ከክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ መጥቶ አንድ ስቱዲዮ ለአራት የተከራየው፣ ድሮም እዚሁ ጤፍ ይዘራ የነበረው ገበሬ፣ ሁሉም እዚህ ተገናኝቷል። የእኛ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው። እሁድ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆማል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰባኪው አይሰማም፣ እስኪያባራ እንዘምራለን። እኔ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፣ ስለዚህ ወደ ላይ የሚሄዱትን ደብዳቤዎች የምጽፈው እኔ ነኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

መንገዱ ምን እንደሚመስል አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን ባለቤቷን በድንገት አጣች። ሾፌር ነበር፣ ቤቱን ይዞ የነበረው እሱ ነው። ልጆቹ ገና ትንንሽ ናቸው። ሐዘኑ ሳይወጣ አከራዩ መጥቶ ኪራይ ጨምሬያለሁ፣ የሦስት ወርም በቅድሚያ ክፈሉኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተሰበሰብን። ብዙ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ገንዘቡ አለ፣ ችግሩን ሁላችንም ቤቷ ሄደን አይተነዋል፣ ይከፈል ተባለ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሁላችንም ፈረምን። ነገሩ የተያዘው ባንክ ላይ ነው። ሒሳባችን የሚንቀሳቀሰው በጣምራ ፊርማ ነው፤ አንዱ ፈራሚ የእኛ ገንዘብ ያዥ፣ ሌላው የቀጠናው ኃላፊ። ኃላፊው ደግሞ ከመደበኛው ወጪ ውጭ ለሆነ ነገር ቼክ ለመፈረም የዋናውን ቢሮ ፈቃድ ይጠብቃሉ፤ መመሪያው እንደዚያ ስለሚል እሳቸውም ምርጫ የላቸውም።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው። "ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ ደብዳቤያችሁ ገብቷል፣ ግን ገና አልተመራም" አለችኝ ጸሐፊዋ። በሌላ ቀን ስመለስ ተመርቷል፣ ፋይናንስ ጋ ነው ተባልኩ። ፋይናንስ ጋ ያለው ባለሙያ ወጪው በበጀት ርዕስ ስላልተያዘ አስተያየት ጽፎበት ወደ ኃላፊው እንደመለሰው ነገረኝ። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የዚህ ሰፈር ሰው ያውቀዋል፤ ሃይገር ተሰልፈህ ጠብቀህ፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ቢሮው ለምሳ ተዘግቶ ደርሰህ፣ ቀኑ አለቀ። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ደመወዝ የላቸውም። አንዱ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንደኛዋ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ለአንድ ፊርማ ሲሉ የሥራ ቀን ያጠፋሉ።

እስከዚያ እህታችንን ያገዛት የሰፈሩ ዕድር ነው። በዕድሩ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ተነጋገሩ፣ ቤቷ ድረስ ሄደው ሰጧት፣ አለቀ። ዕድሩ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም፤ ገንዘቡ የአባላቱ ነው፣ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል። የእኛ ፈቃድ የመጣው ኪራዩ ከተከፈለ ብዙ ቆይቶ ነው። መዘግየቱ አሳዝኖኛል፣ ከእሱ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ቤቷ ሄደው ከእሷ ጋር ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። አይዞሽ ካሉ በኋላ፣ ገንዘቡ በእጃቸው እያለ፣ ቢሮ እየጠበቅን ነው ማለት ነበረባቸው። አንድ መሪ እንዲህ ዓይነት ነገር ጥቂት ጊዜ ከደረሰበት በኋላ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። መወሰን ያቆማል። ሰው ችግር ይዞ ሲመጣ "ለቢሮ እንጽፋለን" ይላል፣ ራሱን እንደ ተላላኪ ማየት ይጀምራል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ከስብሰባ ይቀራል። ጎበዞቹ ናቸው ቀድመው የሚቀሩት።

ቢሮ ያሉት ሰዎች ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጌታን የሚወዱ፣ በትንሽ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ባለሙያ የስንት አጥቢያ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ እንደሚውል አይቻለሁ። መመሪያዎቹም ያለ ምክንያት አልመጡም። አጥቢያ ላይ ገንዘብ የጠፋበት ጊዜ አለ። አዳራሹንና ወንበሩን ይዞ የተገነጠለ መጋቢ አለ። ነቢይ ነኝ ብሎ ምእመናኑን በዘይትና በውኃ ሽያጭ ያስጨነቀ፣ ማንም የማይቆጣጠረው ሰው አለ። እያንዳንዱ መመሪያ የተጻፈው አንድ ቦታ ላይ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው ስለ ቢሮክራሲ ባይጽፍ ይሻላል።

ሕጉም አለ። አጥቢያ ብቻውን ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ በመንግሥት የተመዘገበው ቤተ እምነቱ ነው። ስለዚህ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የአምልኮ ቦታ ለመጠየቅ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመቃብር ቦታ ለመጠየቅ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እንደኛ ድንበር ላይ ላለ አጥቢያ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ይሆናል፤ ግማሹ አባል የሚኖረው አዲስ አበባ አስተዳደር ሥር፣ ግማሹ ሸገር ከተማ ሥር ነው፣ ደብዳቤው ለማን ይጻፍ የሚለው ራሱ ስብሰባ ይጠይቃል። ይህንን ዋናው ቢሮ ቢይዘው አልቃወምም፤ እንዲያውም ይህ የእሱ ሥራ ነው። የምቃወመው መንግሥት ያልጠየቀውን ደብዳቤ እኛው በራሳችን ላይ መጨመራችንን ነው። የድምፅ ማጉያ ለማስጠገን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለአንድ ቀን ሽርሽር ለመውሰድ፣ ከጎረቤት አጥቢያ ሰባኪ ለመጋበዝ ደብዳቤ የጠየቀን መንግሥት አይደለም።

ሌላው የቢሮክራሲው ምንጭ ከውጭ የመጣ ገንዘብ ይመስለኛል። ፕሮጀክት ሲመጣ ፎርም ይዞ ይመጣል፣ ሪፖርት ይዞ ይመጣል፣ ቢሮው ሪፖርቱን ለመሥራት ሰው ይቀጥራል። ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ፎርሙና አሠራሩ ግን ይቀራል፤ ከዚያ የራሳችን መባ ላይ ሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ጉዳይ ላይ መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ያደረገችውን ሳስታውስ እደነቃለሁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ጄኔቫ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። ለልማት ገንዘብ በቀላሉ ይገኛል፣ ለወንጌል ሥራና ለምእመናን ግንባታ ግን አይገኝም፤ መስፈርቱን የምታወጡት ደግሞ እናንተ ሰጪዎቹ ብቻችሁን ናችሁ፤ የሰው ፍላጎት ሥጋና ነፍስ ተብሎ ተከፍሎ አይታይም የሚል መልእክት ነበረው። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። አሁን አስቡት፤ ያኔ ለጄኔቫ የተባለው ነገር ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ ለዋናው ቢሮ የምንለው ነው። እኛን ሳታማክሩ መስፈርት አታውጡልን። እዚህ ያለውን ሰው የምናውቀው እኛ ነን። ያውም ገንዘቡ የራሳችን ነው።

አጥቢያ ያለ ቢሮ መሥራት አይችልም የሚል ሰው ታሪካችንን ይይ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የውጭ ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ፣ ሚስዮናውያኑ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። የተማሩ አልነበሩም ማለት ይቻላል፤ በእጃቸው የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍልም ጥቂት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመት አማኝ ጠበቃቸው። በመካከል ምን ሆነ? እንደ ወላይታው አማኝ ዋንዳሮ ያሉ ሰዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ሲፈቱ ደግሞ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በየመንደሩ ሽማግሌዎች ተመረጡ፣ ወንጌላውያንን ራሳቸው ላኩ፣ የተላከውን ሰው ቤተሰብ እህል እያዋጡ መገቡ። ማን ያስፈቅዱ ነበር? አስፈቃጅ ቢፈልጉ እንኳ ባሕር ማዶ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለከተማ ሰዎች የበለጠ ቅርብ ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። አማኞቹ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ጫማ ደጅ ላይ እንዳይበዛ እየተጠነቀቁ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ። ሴቶች ከሸክሙ ትልቁን ተሸከሙ። ደርግ በ1983 ወድቆ በሮቹ ሲከፈቱ አባላቱ ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። ስደት ይምጣልን አልልም፤ የታሰሩትን አባቶችና እናቶች የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይመኝም። ግን እነዚያ የቤት መሪዎች ሰው ማስተማር፣ ገንዘብ መያዝ፣ ችግረኛ መርዳት፣ ጥል ማብረድ ችለው ነበር። ልጆቻቸው ዛሬ ዲግሪ ይዘው፣ ስልክ ይዘው፣ ባንክ መተግበሪያ ይዘው አይችሉም ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ የጴንጤ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጎረቤቶቼ ዘንድ ሰበካ ጉባኤ አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ቃለ ዓዋዲ የተባለውን የሰበካ ጉባኤ ደንብ በ1965 ዓ.ም. አውጥተው አጥቢያው በካህናት፣ በምእመናንና በወጣቶች ተወካዮች እንዲመራ ሥርዓት ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ በ1967 የመሬት አዋጅ ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን መሬት አጣች። አጥቢያዎቹን ያቆማቸው የምእመናን መዋጮና ያ የተሠራው ጉባኤ ነው። ምእመኑ ሰጪ ብቻ ሳይሆን መካሪና ተቆጣጣሪም እንዲሆን ያሰቡ አባት ነበሩ። አቡነ ቴዎፍሎስም ቄስ ጉዲናም በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ኃይል የት እንዳለ ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ዛሬ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከሕዝቡ 10.2 በመቶ ነበር፣ በ1999ኙ 18.6 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ወደ ጫፍ ወጥቷል፤ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። የእኛ መዋቅር ግን የተሠራው አጥቢያዎቹ ጥቂት ሆነው ሁሉም ከዋናው ቢሮ በአንድ ታክሲ ርቀት ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዋና ጸሐፊው እያንዳንዱን ሽማግሌ በስሙ ያውቀዋል፣ በስልክ ይጨርሱ ነበር። አሁን አይተዋወቁም። ሰው ካልተዋወቀ ወረቀት ይበዛል።

መሪዎችን እናብቃ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣው ስልጠና ነው። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ይዘጋጃል፣ ሦስት ቀን ይማራል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ትምህርቱን አልጠላም፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ተምሬበታለሁ። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ስለ ራእይና ስለ ስትራቴጂ ሦስት ቀን ተምሮ ሲመለስ፣ የአዳራሹን የፈሰሰ ጣሪያ ለማስጠገን አሁንም ደብዳቤ መጻፍ ካለበት፣ ምን ተለወጠ? ሰው መወሰንን የሚማረው በመወሰን ነው። ትንሽ ነገር ላይ ይወስናል፣ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ጉባኤው ይጠይቀዋል፣ ያስረዳል፣ በሚቀጥለው ይጠነቀቃል። ይህን ዕድል ከልክለኸው ሃያ ጊዜ ብታሰለጥነው መሪ አይሆንም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ጉዳዩ እኮ የመበለቶች ጉዳይ ነው! የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻችን በየዕለቱ እርዳታ ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ጉዳዩን ወደ እኛ አምጡት፣ እኛ እያየን እንፈቅዳለን አላሉም። ከመካከላችሁ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ፤ የመረጠው ምእመኑ ነው፣ ሐዋርያቱ ጸልየው እጅ ጫኑ። የሰባቱን ስም ደግሞ ተመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ገንዘቡና ማዕዱ የተሰጠው ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ይመስላል። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። እንዲህ ዓይነት መተማመን የነበረበት ጉባኤ ነው ቃሉ እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርቱ ቁጥር እየበዛ የሄደው፤ ምዕራፉ ራሱ ወዲያው ቀጥሎ ይህንኑ ይላል።

የእኛ ሰፈር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። በዙሪያችን ያሉት ነባር ገበሬዎች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት አንድ ወጣት ወንጌላዊ አለን፤ ከሰዓት በኋላ በኦሮምኛ አምልኮ እንጀምር ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ከሰዓት ባዶ ነው፣ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። መልሱ ምን ሆነ? የኦሮምኛ አገልግሎት በሌላ ቀጠና ሥር ስለሆነ ሁለቱ ቀጠናዎች ይነጋገሩበት ተባለ። እየተነጋገሩ ነው። እነዚያ እናቶችና አባቶች በዚህ መካከል በማይገባቸው ቋንቋ ስብከት ይሰማሉ፣ ወይም ቤታቸው ይቀራሉ። ይህን ውሳኔ ሊወስን የሚችለው ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ጋር ሰላም የሚባባለው ሰው ነው። መሃል ከተማ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ቅን ቢሆን ይህን ሊያውቀው አይችልም።

ስለ ሴቶችም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የቤት ለቤት ኅብረቶቻችንን አብዛኛውን የሚመሩት እህቶች ናቸው። በየብሎኩ ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ሱስ ውስጥ እንደገባ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በሽማግሌዎች ጉባኤያችን ውስጥ ያለችው አንዲት እህት ብቻ ናት፤ በባንክ ፊርማ ላይ አንዲትም የለችም። ሥራውን ለሚሠራው ሰው ውሳኔ ይሰጠው ካልን ከዚህ መጀመር አለብን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለቀጠናችን ጉባኤ ለማቅረብ ያረቀቅነውን ሐሳብ ልንገራችሁ። ዋናው ነገር ቁጥጥሩ ከወጪው በፊት ሳይሆን ከወጪው በኋላ ይሁን የሚል ነው። አጥቢያው በጠቅላላ ጉባኤው የጸደቀ የዓመት በጀት ይኑረው፤ በዚያ በጀት ውስጥ ያለውን ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ፊርማ ያንቀሳቅሱ፤ የቀጠናው ፊርማ ይነሳ። ለድንገተኛ ችግርም የተወሰነ ጣሪያ ያለው የበጎ አድራጎት ሒሳብ ይኑር። በምትኩ አጥቢያው ሽማግሌ ያልሆኑ ሰዎች ያሉበት የኦዲት ኮሚቴ ይምረጥ፣ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ዋናው ቢሮም በፈለገ ሰዓት መጥቶ ደረሰኝ ይመርምር። የሰረቀ ሰው ካለ በስሙ ይጠየቅ። እስካሁን ግን አንድ ሰው ሲሰርቅ የምንቀጣው ያልሰረቁትን አጥቢያዎች ሁሉ ነው።

ፈቃድ የግድ በሚያስፈልግባቸው ጉዳዮች ደግሞ ቢሮው በ15 ቀን ውስጥ አዎ ወይም አይ ይበል፤ ዝም ካለ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ይህችኛዋ ነጥብ ብዙ ሰው አስደንግጣለች። እኔ ግን ያለዚህች ነጥብ ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ።

ዋናው ቢሮ ምን ይዞ ይቅር? ብዙ ነገር። የእምነት መግለጫውን ይጠብቅ። መጋቢዎችን መርምሮ ይሹም። ተበደልኩ የሚል አማኝ ከአጥቢያው ውጭ አቤት የሚልበት ቦታ ይሁን። የቦታ ካርታና ሕጋዊ ሰነድ ይያዝ፣ በመንግሥት ፊት ይወክለን። በዘጸአት 18 ዮቶር ለሙሴ የመከረው ይህንኑ ነው፤ ከባዱን ነገር ወደ አንተ ያምጡ፣ ቀላሉን የአሥርና የአምሳ አለቆች ይፍረዱ፤ አለዚያ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል። ቢሮ ያሉ ወንድሞቻችን ደክመዋል። የእኛን የድምፅ ማጉያ ደብዳቤ ባያነቡ ለሐሰት ትምህርት መልስ የሚጽፉበት ጊዜ ያገኙ ነበር፤ ያ ደግሞ በጣም ያስፈልገናል።

አሁን ለራሳችን ለአጥቢያዎቹ ልናገር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ሥልጣን ወደ አጥቢያ ይውረድ ስንል ለአንድ መጋቢ ወይም ለአንድ ሰብሳቢ ይሰጥ ማለታችን ከሆነ፣ ባይወርድ ይሻላል። ከሩቅ ቢሮ የባሰ ቅርብ ያለ አምባገነን አለ፤ ምክንያቱም ከእሱ ማምለጥ አይቻልም፣ ጎረቤትህ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያልተቀየረ ሰብሳቢ፣ ወንድሙ ገንዘብ ያዥ፣ ሚስቱ የመዘምራን ኃላፊ የሆነበት አጥቢያ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በረቂቃችን ላይ የሽማግሌ የአገልግሎት ዘመን በሁለት ዙር እንዲገደብ፣ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች በአንድ ቼክ ላይ እንዳይፈርሙ፣ የሽማግሌዎች ዋና ዋና ውሳኔዎች እሁድ ለምእመናን እንዲነበቡ ጨምረናል። ከራሳችን መካከል ይህን ያልወደዱ አሉ። አንድ ጋሼ የምንላቸው፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ብዙ የደከሙ አባት፣ "ልጄ፣ ቢሮው እንዲያምነን እየጠየቃችሁ እኛ እርስ በርሳችን አንተማመንም እያላችሁ ነው ወይ?" አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ የመለስኩላቸው ግን፣ ጋሼ፣ እርስዎን አምኜ ነው ሥርዓቱ ለሚቀጥለው ሰው ይሠራ የምለው ብዬ ነው። ተወያየን፣ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፣ ግን ረቂቁ ላይ ፈርመዋል።

ቀጠናው ሐሳቡን በአጀንዳ ለመያዝ ከአንድ አጥቢያ በላይ እንዲጠይቀው ይፈልጋል። ስለዚህ በቤተ እምነታችን ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ከአቃቂ እስከ ገላን ያሉት አጥቢያዎች ሽማግሌዎች፣ ረቂቁን ጠይቁኝና እልክላችኋለሁ፤ ሁለት ገጽ ነው። በጉባኤያችሁ ተወያዩበት፣ የማትስማሙበትን ሰርዙ፣ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ በማኅተማችሁ ላኩት። የሌላ ቤተ እምነት ሰዎች ደግሞ የእናንተ አጥቢያ ያለ ፈቃድ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል፣ ኦዲቱን ማን እንደሚሠራው ጻፉልኝ። የሚሠራ አሠራር ያላችሁ ካላችሁ ከእናንተ መማር እንፈልጋለን፣ ጉባኤው ላይም እንደ ምሳሌ ማቅረብ ይጠቅመናል።